በጥይትና በጥይት መካከል ያለው ጊዜ

ተማርን የምንል ወጣቶች በሻይ ቤትም ሆነ በመሥሪያ ቤት ደረጃ ላይ ስንገናኝ ከምንከራከርባቸው ጉዳዮች አንዱ የጠመንጃ ነገር ነው። ክርክሩም ዘወትር ሁለት ወገን አለው። አንደኛው ወገን «ጠመንጃ ባህላችን ነው፤ አያቶቻችን ነፃነታችንን ያቆዩልን በእርሱ ነው፤ ስለዚህ ሕግ አይንካው» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ጠመንጃ የኋላ ቀርነት ምልክት ነው፤ ተለቅሞ ይቅለጥና ማረሻ ይሁን» ይላል። ከዚያ በኋላ ድምፅ ከፍ ይላል፤ ሻዩም ይቀዘቅዛል። ይህን ክርክር ብዙ ጊዜ አዳምጬዋለሁ፤ ተካፋይም ሆኜበታለሁ። የሚያስገርመኝ ነገር ቢኖር ሁለቱም ወገኖች ጠመንጃ ሲሉ የአንድን ነገር ስም የሚጠሩ መምሰላቸው ነው። ጠመንጃ ግን አንድ ነገር አይደለም።

ነገሩን ሳልደብቅ ልናገርና፣ በበኩሌ የጠመንጃ ወዳጅ ነኝ። በቤተሰባችን በፈቃድ የተያዘ አንድ አሮጌ ቤልጅግ አለ፤ ለዕረፍት አገር ቤት በገባሁ ቁጥር ፈትቼ ዘይት የምቀባው እኔ ነኝ። የአሮጌ መሣሪያ ስም፣ የተሠራበት አገርና ዘመን፣ የጥይቱ ውፍረት ሲነሣ ጆሮዬ ይቆማል። ሰው ስለ እግር ኳስ ተጫዋች የሚያውቀውን ያህል እኔ ስለ ውጅግራ ባውቅ ነውር አይመስለኝም። እንግዲህ የምጽፈው ጠመንጃን ከሚጠላ ሰው ወገን ሆኜ አይደለም።

በአገራችን የጠመንጃ ስሞች ራሳቸው ታሪክ ናቸው። ስናድር የምንለው የእንግሊዙ ስናይደር ነው፤ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስን የገጠመው ጦር የያዘው እርሱን ነበር። ውጅግራ «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ስም በገበሬ አፍ ተጠርቦ የወጣ ነው። ለበን ሌላው የፈረንሳይ መሣሪያ ለበል ነው። ምንሽር ደግሞ ከኦስትሪያው ማንሊኸር የመጣ ነው ይባላል። ቤልጅግ ስሙ እንደሚያመለክተው የቤልጅግ አገር ሥራ ነው። በመጨረሻም ክላሽ መጣ። አንድ ሽማግሌ እነዚህን ስሞች በተራ ሲቆጥሩ የሚሰማ ሰው የመቶ ሃምሳ ዓመት የውጭ ንግዳችንን ታሪክ የሰማ ያህል ነው። እግረ መንገዴን ላንሣውና፣ ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ ቅኔውን ትቶ ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጋ ጠመንጃ ከታጁራ በግመል ጭኖ በ1879 ዓ.ም. ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ አምጥቶ ነበር። ንጉሡም በዋጋው በኩል ባለቅኔ መሆኑን አልቆጠሩለትም፤ ነጋዴው እያዘነ ተመለሰ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ውጅግራ እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣ መሣሪያ ሲሆን የሚጎርሰው አንድ ጥይት ብቻ ነው። ተኳሹ አንዱን ከተኮሰ በኋላ እጀታውን ስቦ ቀለሁን አውጥቶ፣ ከዝናሩ ሌላ መዝዞ፣ አጉርሶና ዘግቶ እንደገና ማነጣጠር አለበት። ቤልጅግ አምስት ጥይት ይጎርሳል፤ እርሱም ቢሆን ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ እጀታው ወደ ኋላና ወደ ፊት መሄድ አለበት። ይህ ለወታደር ችግር ነው። ለሰፈር ጠብ ግን ከፍ ያለ በረከት ነበር። በአንደኛውና በሁለተኛው ጥይት መካከል ጊዜ አለ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ገላጋይ ይገባል፤ እናት ነጠላዋን ጥላ ትሮጣለች፤ አንድ ሰው «በሕግ አምላክ!» ብሎ ይጮኻል።

«በሕግ አምላክ» የሚለውን ቃል ዛሬ በቀልድ እንናገረዋለን እንጂ አባቶቻችን ዘንድ ቀልድ አልነበረም። ይህ ቃል የተጠራበት ሰው እጁን ካልሰበሰበ ከባላንጣው ጋር ብቻ ሳይሆን ከሕግና ከአገሬው ሁሉ ጋር እንደ ተጣላ ይቆጠር ነበር። ፖሊስና ፍርድ ቤት ሩቅ በሆነበት አገር ሰው መሣሪያውን ይዞ ሠርግ ቤት ሲገባ፣ ገበያ ሲውል፣ ለቅሶ ሲደርስ ብዙ ደም ሳይፈስ የኖረው በእንዲህ ያለ ልጓም ነው። ሽምግልናው፣ እርቁ፣ የደም ካሳው ሁሉ የዚሁ ልጓም ክፍል ነው። እንግዲህ «ጠመንጃ ባህላችን ነው» የሚለው ጓደኛዬ ልክ ነው፤ ነገር ግን ባህሉ ጠመንጃው ብቻ አልነበረም፤ ጠመንጃውና ልጓሙ አንድ ላይ ነበሩ። ልጓሙም የተበጀው ለውጅግራ ፍጥነት ነው።

ክላሽ ይህን ሒሳብ ለወጠው። ከ1969 ዓ.ም. ወዲህ ከሶቪየት ኅብረት በብዛት የገባው ይህ መሣሪያ በተለይ በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን ከወታደር ትከሻ ወርዶ በየገበሬው ጎጆ ገባ። በአንድ ካዝና ሠላሳ ጥይት ይይዛል፤ ቃታው ተይዞ ከቆየ ሠላሳውን በሦስት ሴኮንድ ያህል ይጨርሳል። «በሕግ አምላክ» ብሎ ለመጨረስ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ አንባቢ ራሱ ይሞክረው። ሌላም ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ከክላሹ ጎን ያለችው የመቆለፊያ ብረት ወደ ላይ ስትሆን መሣሪያው አይተኩስም፤ አንድ ደረጃ ወደ ታች ስትወርድ የምታርፈው በነጠላ ተኩስ ላይ ሳይሆን በተከታታዩ ላይ ነው፤ ነጠላው ያለው ከታች መጨረሻ ላይ ነው። ለጦር ሜዳ የተሠራ በመሆኑ እንዲህ ሆነ። በጠጅ ሞቅ ብሎት ወይም ተደናግጦ ብረቷን በአውራ ጣቱ ገፋ ያደረገ ሰው አንድ ጥይት ተኩሼ አስፈራራለሁ ሲል ግማሹን ካዝና ሊያራግፈው ይችላል። ሟቹም ሊገላግል የመጣው ጎረቤት ይሆናል።

የሠርግና የጥምቀት ተኩስም እንዲሁ ነው። በዚህ ጉዳይ ከጠመንጃ ወዳጆች ጋር ብዙ ጊዜ ተጣልቻለሁ። ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ሰማይ ላይ አይቀርም። ቀጥ ብሎ የወጣው ፍጥነቱ ቀንሶ ይወርዳል፤ ዘንበል ብሎ የተተኮሰው ግን የመግደል ኃይሉን እንደ ያዘ ሩቅ ሄዶ ያርፋል። የጨፈረ ሰው ደግሞ ቀጥ አድርጎ አይተኩስም። ቤቱ ሁሉ ተራርቆ በየኮረብታው በነበረበት ጊዜ ጥይቱ ማሳ ላይ ይወድቅ ነበር። አሁን የወረዳው ከተማ ሰፍቶ ቆርቆሮው ተያይዟል፤ ከቆርቆሮው በታች የተኛ ሕፃን አለ። ለሙሽራው ክብር ሲባል የማናውቀውን ሰው ልጅ አደጋ ላይ መጣል ከየትኛው ጀግንነት እንደሚቆጠር የሚያስረዳኝ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ጠመንጃ የሚወድ ሰው ይህን ልማድ ከሁሉ አስቀድሞ መቃወም ይገባዋል፤ ጠመንጃን በሕዝብ ዓይን የሚያስጠላው ይኸው ልማድ ነውና።

እስካሁን የተናገርሁት ሁለተኛውን ወገን፣ ማለት «ይቅለጥ» ባዩን፣ ደስ ሳያሰኘው አይቀርም። ስለዚህ አሁን ደግሞ ወደ እርሱ ልዙር። ገበሬው ጠመንጃውን ለመዝገብ ሲጠየቅ ፊቱን የሚያጨልመው ባለማወቅ ነው የሚሉ ብዙ ወጣት ሠራተኞች አጋጥመውኛል። እኔ ግን ገበሬው ታሪክ ስለሚያስታውስ ነው እላለሁ። በ1882 ዓ.ም. የአውሮፓ መንግሥታት በብራስልስ የተፈራረሙት ውል ከምድር ወገብ በሰሜን እስከ 20 ዲግሪ፣ በደቡብ እስከ 22 ዲግሪ ባለው የአፍሪካ ምድር ዘመናዊ ጠመንጃ እንዳይገባ የሚከለክል ነበር። ኢትዮጵያ በዚሁ ውስጥ ናት። ምኒልክ ከፈረንሳይም ከሌላም እየገዙ ባያከማቹ ኖሮ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። በ1916 ዓ.ም. ወደ ዓለም መንግሥታት ማኅበር ስንገባም ስለ ጦር መሣሪያ ንግድ የተደነገገውን የሳን ዠርመን ውል መሠረት እንድንቀበል ተጠይቀናል። በ1922 ዓ.ም. ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከኢጣልያ ጋር ሌላ የመሣሪያ ውል ተፈረመ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኢጣልያ ልትወጋን በተዘጋጀች ጊዜ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ። ኢጣልያ መሣሪያውን በራሷ ፋብሪካ ትሠራ ስለ ነበር ክልከላው የጎዳው አንዱን ወገን ብቻ ነው።

በውጭ አገር የተጻፈው ሕግ እንዲህ ነበር። በአገር ውስጥ የተከፈተውም መዝገብ ከዚህ የተሻለ ስም አላተረፈም። ጠላት አገሪቱን ከያዘ በኋላ ሕዝቡን ጠመንጃ አስረክብ ማለቱ በጎጃም የአርበኞች ትግል እንዲቀጣጠል ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ነው። ከነፃነት በኋላ በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ሲነሣ ከቅሬታዎቹ መካከል የጠመንጃ ምዝገባ ይገኝበት ነበር። በ1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተደረገውን የቤት ለቤት አሰሳ ከወላጆቹ ያልሰማ የከተማ ልጅ ያለ አይመስለኝም፤ መሣሪያ ፍለጋ ተብሎ የተጀመረው ነገር ብዙ ወጣት ይዞ ሄዷል። እንግዲህ ገበሬው «ዛሬ ቁጥሩን ከጻፋችሁ ነገ እርሱን ይዛችሁ ትመጣላችሁ» ቢል ይህን አሳብ ከባዶ አላመጣውም። መዝገብ ከተከፈተ በኋላ ሰብሳቢ ሲመጣ አይቷል፤ ወይም አባቱ አይተዋል።

ፍርዱ ሙሉ እንዲሆን የታሪኩን ሌላ ገጽም ማንበብ አለብን። የአድዋን ጠመንጃ የሚያወድስ ሰው ያው ጠመንጃ ከአድዋ በፊትና በኋላ ወደ ደቡብ ሲሄድ ምን እንደ ሠራ አብሮ መናገር ይገባዋል። ነፍጥ የያዘው ባለ መሬትና ባለ ገባር ሆነ፤ ነፍጥ ያልያዘው ገባር ሆነ። ለአንዱ ወንድማችን የግድግዳ ጌጥና የአያት መታሰቢያ የሆነው ዕቃ ለሌላው ወንድማችን አያቱ የተገዙበት ዕቃ ነው። ዛሬ በዩኒቨርሲቲ መኝታ ቤት ከአራት ማዕዘን መጥተን አንድ ክፍል ውስጥ ስንከራከር የማንግባባው ስለዚህ ይመስለኛል። ጠመንጃ የተባለውን አንድ ቃል እየሰማን በዓይነ ኅሊናችን የምናየው ግን የተለያየ ነው።

ከውጭ አገር ምሳሌ መጥቀስ የሚወዱ ጓደኞችም አሉኝ። አንዱ አሜሪካንን ይጠራል። እውነት ነው፤ በአሜሪካ ሕገ መንግሥት ላይ እ.ኤ.አ. በ1791 የተጨመረው ሁለተኛው ማሻሻያ መሣሪያ የመያዝን መብት ያነሣል፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ይህ መብት የእያንዳንዱ ግለሰብ ነው ብሎ የፈረደው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ይሁን እንጂ በእኛ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ውስጥ እንዲህ ያለ አንቀጽ የለም። ሌላው ስዊስን ይጠራል፤ «እያንዳንዱ ሰው ጠመንጃ አለው፣ ሰላምም አለ» ይላል። እርሱ የማይጨምረው ነገር የስዊስ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ2019 ድምፅ ሰጥቶ፣ ከመቶ 64 ያህሉ ተስማምቶ፣ የጠመንጃ ሕጉን ያጠበቀ መሆኑን ነው። የሰው አገር ሕግ መጥቀስ ለክርክር ያምራል፤ የእኛን ገበሬ ጎጆ ግን አይቆልፍም።

የእኛ ሕግ ታዲያ ምን ይላል? በ2012 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 1177ን አጽድቋል። ከዚያ በፊት ነገሩ በወንጀል ሕጉ አንቀጾችና በልዩ ልዩ መመሪያ ተበታትኖ ነበር። የዐዋጁ መሠረት አጭር ነው፤ መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝ ክልክል ነው፤ ፈቃድ ያገኘ ይይዛል። በልማድ መሣሪያ የሚያዝባቸውን አካባቢዎችም ለይቶ ይመለከታል። ከምከራከራቸው ሰዎች መካከል፣ ከሁለቱም ወገን፣ ይህን ዐዋጅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያነበበ ያገኘሁት በጣት የሚቆጠር ነው። ሕግ ሳያነቡ በሕግ መከራከር የእኛ የተማርን ሰዎች ልዩ ስጦታ ሳይሆን አይቀርም።

እኔ የዐዋጁን መሠረት እደግፋለሁ። የምመኘው ነገር ቢኖር በአፈጻጸሙ ላይ በመሣሪያና በመሣሪያ መካከል ያለው ልዩነት ከፍ ያለ ቦታ እንዲሰጠው ነው። በግድግዳ ላይ የተሰቀለ አንድ ጥይት የሚጎርስ ውጅግራና ሠላሳ ጥይት የሚያዘንብ ክላሽ በአንድ ዓይን መታየት የለባቸውም። ለመጀመሪያው ፈቃዱ ቀላል፣ ክፍያው ትንሽ ቢሆን ማን ይጎዳል? ለሁለተኛው ግን ጥያቄው ጠበቅ ይበል፤ የት ይቀመጣል፣ ጥይቱ ከመሣሪያው ተለይቶ ይቆለፋል ወይ፣ በቤቱ ውስጥ ልጅ አለ ወይ ተብሎ ይጠየቅ። አሁን እንደምናየው መሣሪያው ከነካዝናው ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ከሥሩ ልጆች እየተጫወቱ መዋል የለበትም።

ይህን አሳቤን ለአንድ የአገር ቤት ሽማግሌ ብነግራቸው የሰጡኝ መልስ እስከ ዛሬ ያስቸግረኛል። «ልጄ፣ ከብቴን ሊነዳ በሌሊት የሚመጣው ሌባ ክላሽ ይዞ ሲመጣ እኔን ውጅግራ ይዘህ ጠብቀው ልትለኝ ነውን?» አሉኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ማንም ሰው በሌሊት የሚደርስለት ፖሊስ መኖሩን ሳያውቅ ራሱን የሚከላከልበትን አያስረክብም። በጦርነት ውስጥ ባለ ወይም ጦርነት በቅርቡ በተላለፈበት ወረዳማ ጥያቄው ከዚህም ይከፋል። ስለዚህ የጠመንጃ ሕግ ብቻውን አይሄድም፤ ከቅርብ ፖሊስ ጣቢያ፣ ፈጥኖ ከሚፈርድ ፍርድ ቤት፣ ከሚያስኬድ መንገድ ጋር አብሮ ይሄዳል። እነዚህ በሌሉበት ቦታ ክላሹን ብቻ አምጣ ማለት ዐዋጁን ማስጠላት ነው። እነዚህ እየቀረቡ ሲሄዱ ግን «ባህሌ ነው» የሚለው ምክንያት ብቻውን አይበቃም። ሽማግሌው ባህሌ ነው አላሉኝም፤ ሌባ አለ ነው ያሉኝ። በሻይ ቤት ስለ ባህል የሚጮኸው እኮ በሌሊት ከብት የማይጠብቀው ነው።

ይህን ጋዜጣ ከሚያነቡት ውስጥ ብዙዎቻችሁ ነገ በየወረዳው ትመደባላችሁ፤ የተመደባችሁም አላችሁ። የጠመንጃ ዐዋጅ በአዲስ አበባ ቢጸድቅም የሚፈጸመው በአንድ ጠባብ ቢሮ፣ በአንድ አሮጌ ጠረጴዛ ላይ፣ በአንድ ወጣት ሠራተኛ እጅ ነው። ገበሬው ስለ መንግሥት የሚይዘው አሳብ ያ ወጣት ቁጥሩን እንዴት እንደ ጻፈ፣ ደረሰኝ መስጠቱንና አለመስጠቱን፣ መሣሪያውን ሲቀበል በሁለት እጁ ይሁን እንደ እንጨት ወርውሮ አይቶ የሚይዘው አሳብ ነው። «ለሻይ» ተብሎ የተቀበለው ገንዘብ ካለማ መዝገቡ በዚያው ቀን ሞቷል፤ በማግሥቱ ሌላው ገበሬ መሣሪያውን በጉድጓድ ይቀብረዋል።

ባለፈው ዓመት ወደ አንድ ወረዳ ተመድቦ የሄደ አብሮ አደጌ ስለዚህ ሥራ የነገረኝ አለ። አንድ ቀን አንድ አዛውንት ቤልጅጋቸውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ስምንተኛ ክፍል የምትማር ልጃቸውን አስከትለው ቢሮው ገቡ። ጠመንጃውን ከመስጠታቸው በፊት ቆመው ጥቂት ዝም አሉ።

«ልጄ፣ ይህን መዝገብ ከአንተ በኋላ የሚያነበው ማነው?» ብለው ጠየቁት።

አብሮ አደጌ የሚመልሰው ጠፋው። «አባቴ፣ እርሱን አላውቅም፤ እኔ ግን የምጽፈውን ለእርስዎም እሰጥዎታለሁ፤ አንዱ ወረቀት እዚህ ይቀራል፣ አንዱ ከእርስዎ ጋር ይሄዳል» አላቸው።

አዛውንቱ ማንበብ አይችሉም ነበርና ልጅቱን ጠሯት። እርሷም ወረቀቱን በአንድ እጇ ይዛ፣ በሌላው እጇ ጣት ብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር እየተከተለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች። አራተኛው ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ብረቱ ላይ 6 የነበረው ወረቀቱ ላይ 9 ተብሎ ተጽፏል። አብሮ አደጌ ሁለቱንም ወረቀት ቀደደና እንደ አዲስ ጻፈ። ልጅቱ ደግማ አነበበች፤ አባቷም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ በኋላ ማኅተሙ ተመታ።